የ4.9 ቮልት ሁለት ንባቦች

እ.ኤ.አ. በ1914 የጸደይ ወራት ጄምስ ፍራንክና ጉስታቭ ኸርትዝ በርሊን ላይ አንድ ቁጥር ይፋ አደረጉ፦ 4.9 ቮልት።

ሙከራው ቀላል ይመስላል። በመስታወት ቱቦ ውስጥ የባዜቃ እንፋሎት አለ፤ ከጋለ ሽቦ የሚወጡ ኤሌክትሮኖች በእንፋሎቱ መካከል ይላካሉ። ቮልቴጁ ቀስ በቀስ ሲጨምር ከወዲያኛው ጫፍ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ጅረትም ያድጋል። 4.9 ላይ ግን ድንገት ያሽቆለቁላል። እንደገና ያድግና 9.8 አካባቢ ዳግመኛ ይወድቃል። ከ4.9 በታች ኤሌክትሮኑ ከአቶሙ ጋር ቢጋጭም ጉልበቱን ሳያጎድል ነጥሮ ይመለሳል። አቶሙ ሽርፍራፊ አይቀበልም።

የዛሬ የመማሪያ መጻሕፍት ሁለቱ ሰዎች የኒልስ ቦርን የ1913 የአቶም ሞዴል ሊፈትኑ እንደተነሡ አድርገው ይተርካሉ። ይህ አተራረክ አይጥመኝም፤ ዋናውን ነገር ይሰርቃል። ፍራንክና ኸርትዝ 4.9ን ያነበቡት ኤሌክትሮንን ከባዜቃ አቶም ነቅሎ ለማውጣት የሚበቃ ጉልበት ነው ብለው ነበር። በዚያው ዓመት ቱቦው 254 ናኖሜትር ገደማ የሆነ አልትራቫዮሌት ብርሃን እንደሚያወጣ አሳዩ። የዚያ ብርሃን ጉልበት ልክ ከ4.9 ጋር ይገጥማል። ማስረጃው በእጃቸው ነበር፤ ንባባቸው ግን አልተለወጠም።

በ1915 ቦር ሌላ ንባብ አቀረበ፦ ኤሌክትሮኑ አልተነቀለም፤ ከአንድ የጉልበት እርከን ወደ ሌላ ወጣ እንጂ። ሲመለስ ያንን ብርሃን ይሰጣል። በ1917 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዴቪስና ጉቸር፣ ይኸው ብርሃን ብረቱን እየመታ ኤሌክትሮን ስለሚያስወጣ አቶሙ የተነቀለ እንደሚያስመስል አሳዩ። እውነተኛው መንቀያ 10.4 አካባቢ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሁለቱ ተመራማሪዎችም የቦርን ንባብ ተቀበሉ፤ የ1925ን የኖቤል ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ሥራ ነው።

የእኛ የአንድምታ መምህራን «አንድም» እያሉ ትርጓሜን በትርጓሜ ላይ ይደርባሉ፤ የፊተኛው በኋለኛው አይሻርም። ሥነ ጽሑፍ ለምናጠና ሰዎች ይህ ደስ የሚል ልማድ ነው። ቱቦው ግን ሁለቱን አላስተናገደም።

ቢሆንም በቱቦው ውስጥ የነበሩት ስፍር ቁጥር የሌላቸው አቶሞች ናቸው። ዝላዩ ከብዙኃኑ ድምር የተገመተ እንጂ የታየ አልነበረም። ኤርዊን ሽሮዲንገር በ1952 እንኳ እንዲህ ያለ ዝላይ መኖሩን ይጠራጠር ነበር።

እዚሁ ሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ በ1986 ዋረን ናጎርኒ፣ ጆን ሳንድበርግና ሃንስ ዴመልት አንድ ኤሌክትሮን የጎደለው አንድ ብቸኛ የባሪየም አቶም አየር በሌለበት ወጥመድ ውስጥ ይዘው በሌዘር አበሩት። አቶሙ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ኤሌክትሮኑ ሌዘሩ ወደማይነካው እርከን ሲሄድ ድርግም ይላል፤ አንዳንዴ ለብዙ ሰከንዶች። ከዚያ መልሶ ይበራል። በመካከል መደብዘዝ የለም።