የቆዳ ሙጫ ማሞቂያ ዕቃ አመራረጥ፤ ለቅዱሳት ሥዕላትና ለነዋየ ቅድሳት ሠራተኞች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን፡፡

ስለ ቅዱሳት ሥዕላት ስንማርም ሆነ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምናነሣው ምስጢራቸውን፣ የቀለማቸውን ትርጉምና ሊደረግላቸው የሚገባውን አክብሮት ነው፡፡ ቀለሙ ከእንጨቱ ጋር በምን እንደ ተያያዘ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፡፡ በእንጨት ገበታ ላይ በተሣሉ ጥንታውያን ሥዕሎቻችን፣ በቀለሙና በእንጨቱ መካከል ከጄሶና ከእንስሳ ሙጫ የተዘጋጀ ነጭ ልባስ አለ፡፡ ሙጫው ከደከመ ልባሱ ይላላል፤ ልባሱ ከላላ ደግሞ ቀለሙ እንደ ዛፍ ቅርፊት እየተነሣ ይወድቃል፡፡ ተባርኮ፣ በሜሮን ከብሮ፣ ምእመናን የሚሳለሙት ሥዕል የእመቤታችን ፊት ተልጦ ሲገኝ የሚሰማው ኀዘን ለማንም ግልጽ ነው፡፡ እርጥበት፣ የጧፍ ሙቀትና የዕጣን ጢስ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፡፡ ሠዓሊው ራሱ ገና ከመጀመሪያው ሊከላከለው የሚችለው ጉዳት ግን ሙጫውን አፍልቶ ማድከም ነው፡፡ ይህም ከማሞቂያው ዕቃ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ለሚሠሩ ወንድሞችና እኅቶች ይጠቅም ዘንድ ቀጥሎ የተመለከተውን አዘጋጅተናል፡፡

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እንደ ተመለከተው እግዚአብሔር የደብተራ ኦሪትን ሥራ ለባስልኤልና ለኤልያብ ሲሰጥ ጥበብንና ማስተዋልን ሞልቶባቸዋል፡፡ ጥበቡ ወርቁን በመቅረጽ ብቻ ሳይሆን እንጨቱን በመጥረብም ጭምር መገለጡን ልብ ይሏል፡፡ በሀገራችንም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት) የእመቤታችን ሥዕል በአብያተ ክርስቲያናት እንዲከበር ከደነገጉ በኋላ የገበታ ሥዕል በእጅጉ ተስፋፍቷል፤ በዚያው ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንም በዚህ ሙያ ስሙ ይጠራል፡፡ ወሎን ብንመለከት ከደሴ በስተ ሰሜን የሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የትምህርትና የመጻሕፍት ማእከል ነበረ፡፡ ብራና በሚፋቅበት ቦታ ሁሉ የብራና ቁራጭ ይኖራል፤ ከብራና ቁራጭ የሚወጣው ሙጫ ደግሞ ለሥዕል ልባስ እጅግ ከሚመረጡት አንዱ ነው፡፡ (በነገራችን ላይ የብራና መጽሐፋችን ጥራዝ በስፌት እንጂ በሙጫ አይያዝም፤ ብዙዎች ይህን ያምታቱታል፡፡)

የቆዳ ሙጫ የሚገኘው ጥሬ ቆዳ በውሃ ተዘፍዝፎ በለዘብታ ሙቀት ሲሟሟ ነው፡፡ እዚህ ላይ የአካባቢያችን ሰው ሊጠነቀቀው የሚገባ ነገር አለ፡፡ ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ያለባት ከተማ በመሆኗ ርካሽ ቁራጭ ቆዳ ማግኘት አያስቸግርም፤ ነገር ግን በክሮም የለፋ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቆዳ በለዘብታ ሙቀት አይሟሟም፤ ኬሚካሉም ለሥዕልም ለሠራተኛውም አይበጅም፡፡ የሚያስፈልገው ያልለፋ፣ ጠጉሩና ሥጋው የተፋቀ የበሬ፣ የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ነው፡፡ ተዘጋጅቶ በዱቄት ወይም በፍሬ መልክ የሚሸጠውን የሚገዛም ቢሆን ከምን እንስሳ እንደ ተሠራ ይጠይቅ፡፡ በዓለም ገበያ ከሚቀርበው ጄላቲን ብዙው ከእሪያ ቆዳ የሚዘጋጅ ነውና ለቤተ መቅደስ ነዋይ የሚሠራ ሰው ይህን ሳያረጋግጥ መግዛት አይገባውም፡፡

አሁን ወደ ሙቀቱ እንምጣ፡፡ ደረቁ ሙጫ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ካበጠ በኋላ ይሞቃል፡፡ ተስማሚው ሙቀት 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፡፡ ከ70 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ሙጫው ውስጣዊ ኀይሉን እያጣ ይሄዳል፤ ከፈላ ደግሞ መልኩ ሙጫ ሆኖ ሳለ የመያዝ ዐቅሙ ይቀንሳል፡፡ ችግሩ ሠዓሊው በዓይኑ አይቶ ልዩነቱን አለማወቁ ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ከጊዜ በኋላ ነውና፡፡

“ደሴ ከፍታ ቦታ ስለሆነች ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ስለዚህ ቢፈላም አይጎዳም” የሚል አስተሳሰብ ቢያጋጥም ትክክል አይደለም፡፡ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ደግሞ በ94 አካባቢ፡፡ ሁለቱም ሙጫው ከሚችለው በላይ ናቸው፡፡ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ሌላ ነው፡፡ በደሴ ብርድ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት፣ ሙጫው ብሩሹ ላይ እንዳለ ይረጋል፤ ስለዚህ እዚያ ሙቀት የሚይዝ ከባድ ዕቃ ይመረጣል፤ እንጨቱንም ፀሐይ ላይ አቆይቶ ማሞቅ ያስፈልጋል፡፡ በኮምቦልቻ ሙጫው ቀስ ብሎ ስለሚረጋ ለመሥራት ጊዜ ይሰጣል፤ ነገር ግን ቶሎ ይሸታል፡፡ ስለዚህ በዚያ ትንሽ ዕቃ ይዞ የዕለቱን ብቻ ማዘጋጀት ይሻላል፡፡

ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያው ሕግ ሙጫ ያለበት ዕቃ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ የሚል ነው፡፡ ሁለት ዕቃ ያስፈልጋል፤ በውጭ ውሃ የሚይዝ፣ በውስጥ ሙጫ የሚይዝ፡፡ የውስጡ ዕቃ የውጩን ታች እንዳይነካ በውሃው ውስጥ ሦስት ጠጠር እንደ ጉልቻ ማስቀመጥ ይበቃል፡፡ ይህን ትንሽ ነገር ንቀው የሚተዉ አሉ፤ ነገር ግን የድስቱ ታች ከውሃው ይበልጥ ስለሚግል ሙጫው ከታች እያረረ ከላይ ለብ ያለ ይመስላል፡፡ የውጩ ውሃ ከፍታ ከሙጫው ከፍታ ጋር እኩል ይሁን፡፡

ለውጩ ዕቃ ሸክላ ድስት ከሁሉ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን፡፡ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል፤ ከገበያም በቀላሉ ይገኛል፡፡ ለውስጡ ግን ሸክላ አይሆንም፤ ሙጫውን በቀዳዳዎቹ ስለሚመጥጥና የቀድሞው ቅሪት በውስጡ ስለሚሸት አዲሱንም ያበላሻል፡፡ ብረትም አይመከርም፡፡ በሌላው ዓለም አናጢዎች ለረጅም ዘመን የብረት የሙጫ ድስት ሲጠቀሙ ኖረዋል፤ ለበርና ለወንበር አይከፋም፤ ለሥዕል ግን ዝገቱ ነጩን ጄሶ ያጠቁረዋል፡፡ ቆርቆሮው የተላጠ የቲማቲም ጣሳም እንዲሁ ነው፡፡ አሉሚኒየም ለአጭር ጊዜ ያገለግላል፡፡ የማይዝግ ስቲል ኩባያ ወይም ሰፊ አፍ ያለው የማር ብርጭቆ ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ ብርጭቆው የሙጫውን ጥራትና ውፍረት ስለሚያሳይ በተለይ ለጀማሪ እርሱ ይመረጣል፡፡ ብርጭቆ በድንገት ሙቅ ውሃ ውስጥ ከገባ እንደሚሰነጠቅ ግን አይዘነጋ፤ ከቀዝቃዛው ውሃ ጋር አብሮ ይሙቅ፡፡

መጠኑን በተመለከተ ለአንድ ሠዓሊ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ዕቃ በቂ ነው፡፡ አፉ ብሩሽ እንደ ልብ የሚያስገባ፣ ክዳንም ያለው ይሁን፡፡ ክዳን ከሌለው ውሃው እየተነነ ሙጫው ይወፍራል፤ በጠዋት የተመጠነው በቀትር ሌላ ሆኖ ይገኛል፡፡ በአፉ ላይ የማይዝግ ቀጭን ሽቦ ቢወጠርለት የብሩሹን ትርፍ ማንጠፊያ ይሆናል፤ የዕቃው ከንፈርም በደረቀ ሙጫ አይሸፈንም፡፡

ስለ እሳቱ፡- ከሰል ለሚጠቀም ሰው ጥቂት ፍም አመድ ለብሶ ይበቃዋል፤ ውሃው እንፋሎት እያወጣ ሳይንተከተክ መቆየት አለበት፡፡ ቴርሞሜትር ገዝቶ በውሃው ሳይሆን በሙጫው ውስጥ መለካት ግን ከማናቸውም ግምት ይሻላል፡፡ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሙቀቱ ከፍና ዝቅ ማለት የሚችል ካልሆነ ከከሰል አይሻልም፡፡ በውበት ሳሎኖች የሚታየው የሰም ማሞቂያ ሙቀት መቆጣጠሪያ ስላለው በመካከሉ ውሃና ብርጭቆ ከተደረገ መልካም ሆኖ ይሠራል፡፡ መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ ሰፊ አፍ ባለው ፔርሙዝ 65 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ አድርጎ ትንሽ ብርጭቆ ሙጫ በውስጡ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በደሴ ብርድም ቢሆን ሥራውን ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል፡፡

ለጄሶ ልባስ አንድ እጅ ደረቅ ሙጫ በዐሥር እጅ ገደማ ውሃ፣ ለእንጨት ማጋጠሚያ ደግሞ አንድ እጅ ሙጫ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጅ ውሃ የተለመደ ነው፡፡ ስለዚህ አትሮንስም የሚሠራ፣ ሥዕልም የሚሥል ሰው ሁለት የውስጥ ዕቃዎች ቢኖሩት ይሻላል፡፡ ሙጫ በተደጋጋሚ በሞቀ ቁጥር ስለሚደክም የዕለቱን ያህል ብቻ ይሙቅ፤ የሸተተ ሙጫ ይደፋ እንጂ በአዲስ አይታደስ፡፡ ለዚህ ሥራ የዋለ ዕቃ ወደ ማእድ ቤት አይመለስም፤ ሙጫው ከሥጋ ወገን ነውና በጾም ወራት የምስር ወጥ የሚሠራበት ድስት ሊሆን አይገባውም፡፡ ምልክት አድርጎ ለብቻው ማስቀመጥ ጠብን ያርቃል፡፡

“ነጭ ኮላ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?” የሚል ጥያቄ ይነሣል፡፡ ዝናብ ለሚያገኘው የቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት የዘመኑ ማጣበቂያ የተሻለ መሆኑን እንቀበላለን፤ የቆዳ ሙጫ ውሃ አይችልም፡፡ ለገበታ ሥዕልና ለቆዩ ነዋያት ጥገና ግን የቆዳ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት መልሶ የሚላላ በመሆኑ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ጠጋኝ ሥዕሉን ሳይጎዳ ሊፈታው ይችላል፡፡ በነጭ ኮላ የተጠገነ ጥንታዊ ሥዕል ግን ለመፍታት እጅግ አስቸጋሪ ነው፡፡

አዲስ ዕቃ የያዘ ሠራተኛ በቀጥታ በሥዕል ገበታ ላይ አይጀምር፡፡ ለማጋጠሚያ የወፈረውን ሙጫ ሁለት ሰዓት ያህል በዕቃው አሙቆ ጥቂት ጠብታ በጣቶቹ መካከል ይሻ፤ ጣቶቹ ሲላቀቁ ቀጭን ክር ከሳበ ሙጫው ደኅና ነው፡፡ ለጄሶ የቀጠነውን ደግሞ በሳሕን አቀዝቅዞ ይመልከት፤ ለስለስ ብሎ ከረጋ ይበቃል፤ ፈጽሞ ካልረጋና እንደ ውሃ ከፈሰሰ ዕቃው ከመጠን በላይ ግሏል ማለት ነውና እሳቱን ቀንሶ በአዲስ ሙጫ ይሞክር፡፡

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፡፡