አውቶሞቢል፣ በኢትዮጵያና በሜክሲኮ አደባባይ

አውቶሞቢል፣ ማለት በገዛ ሞተሩ የሚነዳ ሠረገላ፣ ወደ አዲስ አበባ መጀመሪያ የገባው፣ እንግሊዛዊው ቤንትሊ በረሓውንና ዳገቱን አቋርጦ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ባቀረበ ጊዜ ሲሆን፣ ለአዲስ ጥበብ ሁሉ ልባቸው ክፍት የነበረው ንጉሠ ነገሥትም ያለ ፍርሃት ተቀምጠውበታል። ከዚያ ወዲህ፣ ሜክሲኮ የኢጣልያን ወረራ አልቀበልም በማለቷ ውለታዋ እንዲዘከር በስሟ በተሰየመው በአዲስ አበባው ሜክሲኮ አደባባይ፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት የፊያትና የላዳ ታክሲዎች፣ ኋላም ሚኒባሶች በየተራቸው ነግሠዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ቀላል ባቡርም በዚያው ያልፋል። የመጪው ዘመን ፈር የተቀደደው ግን፣ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በከለከለ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ሲገዛ ኤሌክትሪክ ከገዛ ወንዞቻችን ይገኛል። ሐሳቡ ሠናይ ነው፤ ዳሩ ግን የባትሪ መሙያው ስፍራ ገና ጥቂት፣ ጥገናውን የተማረው መካኒክም ከዚያ የባሰ ጥቂት ነው።