ሰብል የበላው አንበጣ ምግብ ይሆናል ወይ?

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንበጣ ነው። የምንነሣው ግን ከአዲስ አበባ፣ ከአራዳ ነው።

ምኒልክ አደባባይ ስትደርሱ አፄ ምኒልክን በፈረስ ላይ ታያላችሁ። ሐውልቱ የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. ነው። ሲያዩት የዐድዋ ድል ይታወሳል። እኚሁ ንጉሥ ግን ከዐድዋ በፊት ሌላ ጠላት ገጥሟቸው ነበር። ጠላቱ ረሃብ ነው።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ ከመጡ ከብቶች ጋር የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገባ። በሬው አለቀ። በሬ ከሌለ በምን ይታረሳል? ዝናቡም ጠፋ። የበቀለችውን ጥቂት አዝመራ ደግሞ አንበጣና ተምች በላት። ዘመኑ «ክፉ ቀን» ተባለ። ምኒልክም ሕዝቡ በእጁ ቆፍሮ እንዲዘራ፣ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው አሳዩ።

አንበጣ ከዚያ ወዲህም አልተወንም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1958 በአገራችን 1,670,000 ኩንታል ያህል እህል አጠፋ። ይህ አንድ ሚሊዮን ሰው ዓመት ይቀልብ ነበር። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የወሎና የሰሜን ሸዋ ገበሬ ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ሲያባርረው ከረመ።

እንግዲህ ልብ በሉ። እህላችንን የበላው አንበጣ ራሱ ምግብ ነው። ሰውነትን የሚገነባው ነገር ፕሮቲን ይባላል። በሥጋ፣ በወተት፣ በእንቁላል፣ በባቄላና በሽምብራ ውስጥ ይገኛል። ከደረቀ አንበጣ ክብደትም ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በየመን፣ ሰው አንበጣ ጠብሶ ይበላል። በኬንያም በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ክንፍ ያወጣ ምስጥ ይበላል።

«ኧረ ይሄማ ነውር ነው!» የምትሉ ትኖራላችሁ። ደግ፤ አትቸኩሉ። ዛሬ ማንበብ ችላችኋል፤ ሌላ ሰው እስኪነግራችሁ አትጠብቁ። መጽሐፍ ቅዱስ ያላችሁ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ቁጥር 22ን ራሳችሁ አንብቡ። እንዲበሉ ከተፈቀዱት መካከል አንበጣን ታገኛላችሁ። በእስልምናም አንበጣ ሐላል ነው። እንግዲያው የሚጸየፈው ልማዳችን ነው ማለት ነው።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ስለ ገንቢ ምግብ ሳስተምር አንድ ልጅ፣ «እኛ ቤት ሥጋም እንቁላልም የለም፤ ምን እንብላ?» አለኝ። ሽሮና ባቄላ እንዳትለይህ አልኩት። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ለእንዲህ ያለው ቤት አንድ ብልሃት ልንገራችሁ። በ2013 ዓ.ም. በኬንያ የአንዳንድ ቀበሌ ሰዎች አንበጣውን በሌሊት፣ ብርድ ይዞት መብረር ሲያቅተው፣ እየለቀሙ በኪሎ ሸጡ። አንበጣው ደርቆና ተፈጭቶ የከብትና የዶሮ መኖ ሆነ። አያችሁ? እኛ አንበጣውን ባንበላ ዶሮዋ ትበላዋለች፤ ልጁ እንቁላሉን ይበላል።

አንድ ነገር ግን አደራ! ፀረ-ተባይ መድኃኒት የተረጨበትን አንበጣ አትንኩ። ለሰውም ለዶሮም መርዝ ነው። ተረጭቶ እንደሆነ አስቀድማችሁ የግብርና ሠራተኛውን ጠይቁ።

ምኒልክ በክፉ ቀን ዶማ አነሡ። እኛ ደግሞ ክፉ ቀን ሳይመጣ ዕውቀት እናንሣ።