እንቅልፍ ያጣው ስፒናች

ነገሩ የተጀመረው በሦስት ጣሳ ነው። ከእኛ አንዱ ከዘር መሸጫ ሱቅ አንድ እሽግ የስፒናች ዘር ይዞ መጣ። ቆስጣ አላልንም፤ ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ «ስፒናች» እየተባለ የሚሸጠው ቆስጣ ነው፤ ሁለቱ ዘመዳሞች እንጂ አንድ አይደሉም። ጣሳዎቹን አፈር ሞላንና አንዱን መኝታ ክፍል መስኮት ላይ፣ ሁለተኛውን ጨለም ያለ ኮሪደር ላይ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሳሎን፣ መስኮት አጠገብ ባለች የመጻፊያ ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጥን። ያቺ ጠረጴዛ አምፖሏ ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም። ውርርዳችን ግልጽ ነበር፤ ብርሃን የበዛለት ያሸንፋል!

የኮሪደሩ ገርጥቶና ቀጥኖ ወደቀ፤ ይኼ አልገረመንም። የመኝታ ቤቱ ቀስ እያለ ቅጠል ጨመረ። የሳሎኑ ግን ጥቂት ትንንሽ ቅጠሎች እንዳወጣ ቀጭን ግንዱን ወደ ላይ ሰድዶ አበበ። ለአንድ ጭልፋ እንኳ የሚሆን ቅጠል አልተገኘበትም። የአከራያችን እናት መጥተው አዩትና፣ «ልጆቼ፣ እንቅልፍ ነስታችሁት ሲያበቃ ምን ሁን ትሉታላችሁ?» አሉን። ሳቅን። በኋላ ማንበብ ስንጀምር ግን ሳቃችን ቀነሰ፤ ለካስ እማማ በአንድ ዐረፍተ ነገር የጨረሱት ጉዳይ ሊቃውንቱን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያደክም ኖሯል።

እስኪ ከመጀመሪያው እንነሣ። እ.ኤ.አ. በ1880 ጀርመን ተወልዶ እንግሊዝ የከበረው መሐንዲስ ዊልያም ሲመንስ በአርክ መብራት (በሁለት የከሰል ዘንጎች መካከል በሚፈነጥቀው ያ ዓይን የሚያጥበረብር መብራት) አትክልት ሌሊት ሌሊት ሲያበራለት ቆይቶ፣ ውጤቱን ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ድምዳሜው ደፋር ነበር፤ ዕፅዋት በ24 ሰዓት ውስጥ የግድ ማረፍ አያስፈልጋቸውም አለ። ዘመኑ የኤሌክትሪክ ዘመን ነው፤ ፋብሪካው ሌሊት ከሠራ ጎመኑ ለምን ይተኛል? እኛም በጣሳችን ያሰብነው ይኼንኑ ነው።

ከዐሥር ዓመት በኋላ አሜሪካ፣ ኢታካ በሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሊበርቲ ሃይድ ቤይሊ የተባለ የአትክልት ሊቅ ነገሩን በጥንቃቄ ፈተነው። የመስታወት ቤቱን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን ለተፈጥሮ ብርሃን ብቻ ተወ፤ በሌላው ወገን አርክ መብራት ጨመረ። በ1891 ባወጣው ሪፖርት ስፒናች፣ ሰላጣና መሰሎቻቸው መብራቱ በበረታባቸው መጠን የሚበላ ቅጠል ሳያወጡ ወደ ዘር እንደሚሮጡ ጻፈ። በሌላ አነጋገር የእኛን ሦስተኛ ጣሳ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ አይቶታል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ግን ገና አልታወቀም።

መልሱ የመጣው ባልተጠበቀ በር ነው፤ በትምባሆ በኩል። ዋሽንግተን አጠገብ በአርሊንግተን የመንግሥት እርሻ የሚሠሩት ጋርነርና አላርድ አንድ ግራ የሚያጋባ የትምባሆ ዝርያ ነበራቸው። በጋውን ሙሉ እንደ ዛፍ ይመዘዛል እንጂ አያብብም፤ ክረምት ላይ መስታወት ቤት ሲገባ ግን ገና አጭር ሳለ ያብባል። ሙቀቱን ጠረጠሩ፣ ሌላውንም ጠረጠሩ፤ አልሆነም። በመጨረሻ በሐምሌ 1918 (እ.ኤ.አ.) ትምባሆና አኩሪ አተር በየቀኑ፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ብርሃን ወደማያስገባ ትንሽ ጎጆ እያስገቡ፣ በማግሥቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማውጣት ጀመሩ። በዚያ በረጅሙ በጋ መካከል አጭር ቀን ሠሩላቸው ማለት ነው። አበቡ! በ1920 ባሳተሙት ጥናት ብዙ ዕፅዋት የሚያብቡበትን ጊዜ የሚያውቁት በቀኑ ርዝመት እንደሆነ አስረዱ። አንዳንዱ ቀን ሲያጥር ያብባል፤ ስፒናች ደግሞ ቀን ሲረዝም ከሚያብቡት ወገን ነው።

ስፒናች ወደ ታሪኩ በክብር የተመለሰው በ1934 ነው። ኖት የተባለ ተመራማሪ የተክሉን ቅጠልና የእምቡጡን ጫፍ ለየብቻ ለተለያየ የቀን ርዝመት እያጋለጠ ሞከረ። የቀኑን ርዝመት የሚያነበው ቅጠሉ ሆኖ ተገኘ፤ አበባው የሚወጣው ግን ጫፉ ላይ ነው። ስለዚህ ከቅጠል ወደ ጫፍ የሚላክ መልእክት አለ ማለት ነው።

የእማማ ፍርድ የጸናው ደግሞ በ1938 ነው። ሐምነርና ቦነር ልብስ ላይ የሚጣበቅ አንድ እሾሃማ አረም ይዘው፣ ቀኑን ለአጭር ጊዜ በጨለማ ቢያቋርጡት ምንም አልሆነም፤ ረጅሙን ሌሊት በአጭር ብርሃን ሲያቋርጡት ግን አላብብ አለ። ተክሉ ይበልጥ የሚቆጥረው ቀኑን ሳይሆን ሌሊቱን ነው! ስፒናችን የመሳሰሉት በተቃራኒው ናቸው፤ ሌሊታቸው ካጠረ ወይም ከተቋረጠ ለማበብ ይጣደፋሉ።

እንግዲህ ስሕተታችን ተገለጠልን። ብርሃን ለተክል እህልም ነው፣ ሰዓትም ነው። እህል እንዲሆን ብዙ መሆን አለበት፤ የቀትር ፀሐይ ወደ 100 ሺህ ሉክስ ስትደርስ የሳሎን አምፖል ጥቂት መቶ ቢደርስ ነው። ሰዓት ለመሆን ግን ደካማ ብርሃንም ይበቃል። አምፖላችን ስፒናቹን ሳያበላው «አልመሸም» እያለ ዋሸው ማለት ነው። ዛሬ ቤት ውስጥ አትክልት የሚያሳድጉ ሰዎች የሚጠቀሙባቸው ቀይና ሰማያዊ የኤልኢዲ መብራቶች እህሉን በሚገባ ያቀርባሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ማጥፊያ ሰዓት ይፈልጋሉ።

ይኼ ነገር እኛ አገር ብዙም የማይወራበት ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ቀኑን 12 ሌሊቱን 12 ብሎ የሚቆጥረው ሰዓታችንም ከሰማዩ ጋር ብዙ አይጣላም። ስፒናች እንዲያብብ የሚገፋፋው ከ13 እና 14 ሰዓት ገደማ የሚጀምር ቀን ስለሆነ፣ የመኝታ ቤቱ ጣሳ ተረጋግቶ ቅጠል ማውጣቱ አይደንቅም። የሳሎኑን ግን አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ በሰኔ ወር ወደ ስቶክሆልም ልከነው ነበር፤ እዚያ ያኔ ቀኑ ከ18 ሰዓት ይበልጣል። በዚያ አካባቢ የምትኖሩ ወገኖቻችን በረንዳ ላይ ስፒናች ዘርታችሁ በሰኔ አበባ ብቻ ከታቀፋችሁ፣ እጃችሁን አትውቀሱ። በጸደይ መጀመሪያ ወይም በበጋው መጨረሻ ዝሩት።

እኛ ደግሞ አዲስ ጣሳ እዚያችው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠናል። ማታ ስንጽፍ ካርቶን እንደፋበታለን፤ ጠዋት እናነሣለታለን። እማማ መጥተው አዩና፣ «አሁን ሰው ሆናችሁ» ብለውናል። መጀመሪያ የሚለቀመው ቅጠል የእሳቸው ነው።