ከተማ የሰየመ ኮከብ

የዛሬውን ጽሑፍ የምጀምረው በራሴ ጥፋት ነው።

ዘመኑ 1997 ዓ.ም. ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሳይንስ ክበብ ነበረን፤ የክበቡም ትልቁ ድግስ የጥያቄና መልስ ውድድር ነበር። በአንዱ ቅዳሜ «ኮሜት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ፤ እንደ ትምህርቱ ቋንቋ በእንግሊዝኛ። ከሐረጎ ግድም የምትመጣ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ጅራታም ኮከብ ነው ቲቸር፤ አያቴ ስትነግረኝ ደሴ...» ብላ ስትጀምር አቋረጥኋት። «በእንግሊዝኛ መልሺ» አልኋት። ቆማ ቃል ፈለገች፤ ቃሉ አልመጣም። ተቀመጠች። ነጥቡን ለሌላው ቡድን ሰጠሁ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያቺ ልጅ እጇን ስታወጣ አላየሁም።

ምን ልትነግረኝ እንደነበር የገመትሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የደሴን ታሪክ ሳነብብ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1875 ዓ.ም. በወሎ ሰፍረው ሳለ ጅራቱን የዘረጋ ድንቅ ኮከብ በሰማይ ታያቸው፤ በዚህም ልባቸው ረክቶ የሰፈሩበትን ቦታ «ደሴ»፣ ማለትም «ደስታዬ» አሉት ተብሎ ይተረካል። ከተማዋን መዲናው አድርጎ ያሳደጋት ንጉሥ ሚካኤል ቢሆንም ስሟ ከሰማይ እንደወረደ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። እኔ ግን ያንን ትረካ ይዛ የመጣችውን ልጅ ዜሮ ሰጥቼ አስቀመጥኋት።

ትረካው ከትረካነት የሚያልፍበት ምክንያት አለው። የዘመኑ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት «ታላቁ የመስከረም ኮሜት» ብለው የመዘገቡት ጅራታም ኮከብ በእርግጥም የታየው ያን ጊዜ ነው። ለፀሐይ እጅግ የቀረበው እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 1882 ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ቀኑ መስከረም 8 ቀን 1875 ዓ.ም. ይውላል። አዲሱ ዓመት ገና ከገባ ሳምንቱ፣ አደይ አበባ በፈነዳበት ሰሞን ማለት ነው። ብርሃኑ ከመበርታቱ የተነሣ በጠራራ ቀን በፀሐይ አጠገብ ይታይ ነበር። ፀሐይን ታክኮ ሲያልፍ አስኳሉ ተሰባበረ፤ ስብርባሪዎቹም ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በየተራ ተመልሰው እንደሚመጡ ተሰልቷል። በደቡብ አፍሪካ በኬፕ የከዋክብት መመልከቻ ዴቪድ ጊል ያንኑ ኮከብ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ከበስተጀርባው አእላፍ ከዋክብት አብረው ታተሙለት፤ ከዚያ ወዲያ የሰማይ ካርታ በፎቶግራፍ ይሠራ ጀመር። አንዱ ኮከብ በኬፕ የሳይንስ መሣሪያ ወለደ፤ በወሎ የከተማ ስም ወለደ። የደሴ ልጅ ግን ሁለቱ አንድ ኮከብ መሆናቸውን የሚነግረው መምህር አላገኘም። አንዱ መምህር እኔ ነበርሁ።

ለዚህ ራሴን ሳጸድቅ «አማርኛ ለሳይንስ አይበቃም» እል ነበር። ይህ ሰበብ ግን ወሎ ላይ ቆሞ ሊነገር የማይገባው ነው። ከደሴ በስተሰሜን ጥቂት እልፍ ብሎ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበትና መጻሕፍት ያሰባሰቡበት ገዳም ነው። በኢትዮጵያ የሊቃውንት ጉባኤ የፀሐይና የጨረቃ ስሌት «ባሕረ ሐሳብ» ተብሎ ይማራል። ፀሐይ የምትወጣባቸውን 6 የምሥራቅ ደጆችና የምትገባባቸውን 6 የምዕራብ ደጆች የሚዘረዝረው መጽሐፈ ሄኖክም ሙሉው ገጽ ሳይጎድል የቆየው በግእዝ ብቻ ነው፤ አውሮፓ ያወቀው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂዎቹን ይዞ ከሄደ በኋላ ነው።

የስሌቱን ጠባይ ለማሳየት ያንኑ የኮከቡን ዓመት እንውሰድ። በ1875 ላይ 5500 ሲደመር 7375 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ4 ስናካፍለው 3 ይተርፋል፤ ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነው። ለ19 ስናካፍለው ደግሞ 3 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ስንቀንስ 2 ቀረ፤ ይህ ወንበሩ ነው። የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት በ11 ቀን ይበልጣልና ወንበሩን በ11 ስናበዛው 22 ሆነ፤ ይህ አበቅቴ ነው። በ19 አብዝተን 30 ስንገድፍ 8 ቀረ፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልሞሉ ተማሪው ተሳስቷል፤ እነሆ 22 እና 8 ሠላሳ ሞሉ። ማካፈል የሚችል የ5ኛ ክፍል ልጅ ይህን በአንድ ከሰዓት ይማረዋል። በውስጡም ጨረቃ በ19 ዓመት አንድ ጊዜ ከፀሐይ ጋር ሒሳቧን እንደምታወራርድ ያገኛል፤ ግሪኮች ሜቶን በተባለው ሊቃቸው ስም የሚጠሩት ዑደት ይኸው ነው።

ልብ በሉ፤ የኔታም ቢሆኑ ግእዙን በግእዝ ብቻ አላስተማሩትም። ንባቡ በግእዝ ይሁን እንጂ አንድምታው፣ ማለትም ማብራሪያው፣ በአማርኛ ነው። ቅዱሱ ቋንቋ ተከብሮ ሳለ ልጁ የሚገባው በሚያልምበት ቋንቋ እንደሆነ ሊቃውንቱ ያውቁ ነበር።

የወሎ ሼኾችም ያንኑ ያውቁ ነበር። የሶላት ሰዓት፣ የቂብላ አቅጣጫ፣ የረመዳን ጨረቃ ሁሉ ሰማይ ማንበብን ይጠይቃሉ፤ የኪታቡ ቋንቋ ዐረብኛ ነው። ነገር ግን ሕዝቡን በሕዝቡ ቋንቋ አስተማሩት፤ አማርኛን በዐረብ ፊደል እየጻፉ ግጥምና ምክር አስተላለፉለት። ከእነዚህ አንዱ የአርጎባው ሼኽ ጦልሓ ጃዕፈር የአፄ ዮሐንስ ዘመን ሰው ናቸው። ታሪክ ሚዛን ይሻልና፣ ኮከቡን አይተው «ደስታዬ» ያሉት ንጉሥ ለወሎ ሙስሊሞች ደስታ አልነበሩም፤ ሃይማኖታቸውን በግድ እንዲለውጡ አዝዘውባቸዋል፤ ሼኽ ጦልሓም ያንን ትእዛዝ ከተቃወሙት ወገን ነበሩ። ሁለቱም ወገን ግን አንድ ሰማይ ነበራቸው፤ ቃላቸውም አንድ ነበር። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ፈለኮችን ዙሐል፣ መሽተሪ፣ መሪኅ፣ ዝሁራ፣ አጣርድ ይሏቸዋል፤ ስሞቹ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። «ፈለክ» የሚለው ቃል ራሱ የሁለቱ ነው። ደብተራውና ሼኹ በሌላው ነገር ቢለያዩ በጁፒተር ስም አይለያዩም ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ በዘመናዊው ትምህርት ቤት በር ላይ ለምን ቀረ? ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። በንጉሡ ዘመን አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ፤ ከዚያ በላይ እንግሊዝኛ። ለአማርኛ ተናጋሪው ልጅ ግማሽ መንገድ ተከፈተ፤ ለከሚሴው ኦሮሞ፣ ለአርጎባው፣ ለዋግ ኽምራው ልጅ ግን በአንድ ግንብ ፈንታ ሁለት ግንብ ቆመ። እንግሊዝኛ በእኛ ላይ ያደረገውን አማርኛ አስቀድሞ በሌላው ላይ አድርጎታል፤ ይህን ሳንናገር ስለ ቋንቋ መብት ማውራት አይገባንም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ማስተማር ቻለ። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲም ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አንደኛ ደረጃን ይማር አለ፤ በከሚሴ አፋን ኦሮሞ፣ በሰቆጣ ኽምጣና፣ በእንጅባራ አዊኛ ክፍል ገቡ። ሳይንስና ሒሳብ ግን በክልላችን ለብዙ ዓመታት ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ዞሩ። ልጁ «ለምን?» ማለት በሚጀምርበት ዕድሜ ቋንቋው ተነጠቀ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአገራችን ሊቃውንት የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በአማርኛ አሳትመው ነበር፤ ምህዋር፣ ስበት፣ ሥነ ፈለክ የሚሉት ቃላት አሉን። ለማስተማሪያነት ግን አልታደሉም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ፕላዝማው ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን የማያስታውስ የዚያ ዘመን ተማሪ የለም። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በሳተላይት ተልኮ፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ መምህሩ ከፍቶና ዘግቶ ለቀረችው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይናገራል። የኮምቦልቻ ልጆች ከጠፈር የወረደ ትምህርት ተማሩ፤ ስለ ጠፈር ግን ብዙዎቹ የጨበጡት ነገር አልነበረም። ድምፁ ፈጥኖ ሲያልፍ እነርሱ ገና የመጀመሪያውን ቃል ይተረጉሙ ነበር። እኔም ያንን ማሽን ስመስል ኖሬአለሁ።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል ለማለት እፈልጋለሁ፤ ግማሹ ብቻ ተገልብጧል። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ያነሣሣው ሕልም በእንጦጦ ተራራ ላይ የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አስገኘ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና መጠቀች። በዚያው ሳምንት ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ያለችን አንዲት ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያዋ የምትዞረውን ፈለክ «አቦል» ብሎ በኢትዮጵያ ምርጫ ሰየማቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ሉሲ የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በጠፈር ካሉት ዐለቶች በአንዱ አጠገብ አለፈች፤ የዐለቱ ስም «ድንቅነሽ» ነው፤ ከጎኑ የተገኘችው ትንሽ ጨረቃም «ሰላም» ተባለች። የእውነተኛዋ ድንቅነሽ አጥንት የተገኘበት ሐዳር ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ አፋር ቆላ ሲወርዱ የሚደረስበት ነው።

እንግዲህ አማርኛ ጠፈር ደርሷል። ወሎዬ ሴት ረከቦቷን ዘርግታ አቦሉን ስትቀዳ፣ በሌላ ፀሐይ ዙሪያ አንዱን ዙር ለመጨረስ ከ2 ዓመት ተኩል በላይ የሚፈጅባት ግዙፍ ፈለክ በዚያው ስም ትዞራለች። ልጇ ይህን በቡናው ዙሪያ ሊያወጋው ይችላል፤ በክፍሉ ግን በእንግሊዝኛ ካልሆነ ነጥብ የለውም። ስማችንን ሰማይ ላይ መጻፉ ቀለለን፤ ሰማዩን ለልጆቻችን ማንበቡ ከበደን።

እንግሊዝኛ ይቅር አላልሁም። የኔታ ግእዙን አልጣሉትም፤ ሼኹም ዐረብኛውን አልጣሉትም። ንባቡ በፈለገው ቋንቋ ይሁን፤ አንድምታው ግን በልጁ ቋንቋ ይሁን። የምለው ይህንኑ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት፣ ቀለበታማው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ላይ ሲያልፍ እኔ ደሴ ነበርሁ። ደሴ ከጥላው መንገድ ትንሽ ወጣ ያለች በመሆኗ ለእኛ ፀሐይ የታየችን እንደ ማጭድ ሆና ነው። ወረርሽኙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ነበርና የግቢያችንን ልጆች ሰብስቤ ካርቶን በመርፌ በሳሁ፤ የማጭዷን ምስል በነጭ ወረቀት ላይ አወረድሁላቸው። ጨረቃ በፀሐይና በእኛ መካከል ስትገባ ጥላዋ እንዴት እንደሚያርፍብን በአማርኛ ነገርኋቸው። ከባቲ ለዘመድ ጥየቃ የመጣ አንድ ልጅ አዳምጦ ሲያበቃ ወደ ታናሽ እኅቱ ዞረና በአፋን ኦሮሞ ያስረዳት ጀመር። ከንግግሩ እኔ የለየሁት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ አዱ፣ ጂአ፤ ፀሐይና ጨረቃ። በሁለቱ ጡጫዎቹ አንዱን በሌላው ፊት እያሳለፈ አሳያት። ትንሿ ልጅ ጡጫዎቹን አየች፤ ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው።

ጥያቄዋ ምን እንደነበር አልገባኝም። በዚህ ጊዜ ግን አላቋረጥሁም።