የስማርት ስልክ አፕሊኬሽን ገበያ፦ ዝግና ክፍት አሠራሮች

አንድ አፕሊኬሽን ወደ ስማርት ስልክ የሚገባበትን መንገድ በአብዛኛው የሚወስነው የስልኩ ባለቤት ሳይሆን ስልኩን የሚያንቀሳቅሰውን ሶፍትዌር ያዘጋጀው ኩባንያ ነው። በዚህ ረገድ የአፕልና የጎግል ኩባንያዎች የተለያየ መንገድ ተከትለዋል።

አፕል እ.ኤ.አ በጁላይ 2008 አፕ ስቶር የተሰኘውን መደብር 500 ያህል አፕሊኬሽኖች ይዞ ሲከፍት፣ ለአይፎን ተጠቃሚዎች የሚቀርብ ማንኛውም አፕሊኬሽን አስቀድሞ በኩባንያው እንዲመረመር ደንግጓል። ምርመራው ሁሉንም አጥፊ ሶፍትዌር ይይዛል ባይባልም፣ የምስጢር ቁጥር የሚሰርቁ አፕሊኬሽኖች በቀላሉ እንዳይሰራጩ አድርጓል። ኩባንያው በአንጻሩ በአፕሊኬሽኖች ውስጥ ከሚፈጸም የዲጂታል ምርት ሽያጭ እስከ 30 በመቶ ኮሚሽን ሲወስድ ቆይቷል። እ.ኤ.አ ከ2021 ጀምሮ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ1 ሚሊዮን ዶላር ላልበለጠ አዘጋጆች ምጣኔውን ወደ 15 በመቶ ዝቅ አድርጓል።

ከኮሚሽኑ ይልቅ ክብደት ያለው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። መግቢያው አንድ በር ብቻ ሲሆን፣ በሩን ማዘጋት የሚሻ ወገን ማግባባት ያለበት አንድን ኩባንያ ብቻ ነው። አፕል እ.ኤ.አ በ2017 የኢንተርኔት እገዳን ለማለፍ የሚያገለግሉ ቪፒኤን አፕሊኬሽኖችን ከቻይና መደብሩ አስወግዷል። በ2019 ደግሞ የሆንግ ኮንግ ተቃዋሚዎች ይገለገሉበት የነበረውን የካርታ አፕሊኬሽን አንስቷል። በሁለቱም ጊዜያት የአካባቢውን ሕግ በምክንያትነት ጠቅሷል።

በጎግል የሚመራው አንድሮይድ ከመደብሩ ውጪ የተገኘ አፕሊኬሽን መጫን ይፈቅዳል። በአገራችን አፕሊኬሽኖች በብሉቱዝና በሚሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ ሊተላለፉ የቻሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ኢንተርኔት ውድ ወይም ደካማ በሆነበት አካባቢ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ቅጂው በመንገድ ላይ ተለውጦ እንደሆነ ተራ ተቀባይ በቀላሉ ማወቅ ይከብደዋል። አፕሊኬሽኑን በቴሌግራም ብቻ የሚያሰራጭ መሥሪያ ቤትም ሳያውቀው ተገልጋዩን ከየትም የመጣ ፋይል እንዲጭን ማለማመዱ ነው።

የአንድሮይድ ክፍትነትም ወሰን አለው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ በሜይ 2019 በቻይናው ሁዋዌ ላይ የንግድ ገደብ ሲጥል፣ ለማንም ክፍት የሆነው የአንድሮይድ መሠረታዊ ሶፍትዌር ከኩባንያው እጅ አልወጣም። የጎግል መደብር፣ ካርታና ዩቲዩብ ግን ከዚያ በኋላ በወጡት አዳዲስ ስልኮቹ ላይ አልተካተቱም። መልእክት ለማድረስም ሆነ ቦታ ለማመልከት በጎግል አገልግሎት ላይ የተመሠረቱ በርካታ አፕሊኬሽኖችም በእነዚህ ስልኮች ላይ በአግባቡ መሥራት ተስኗቸዋል። ሁዋዌ የራሱን መደብር ቢያስፋፋም ከቻይና ውጪ የነበረው የስልክ ሽያጩ በእጅጉ አሽቆልቁሏል።

የአውሮፓ ኅብረት ጉዳዩን በሕግ ይዞታል። ከማርች 2024 ጀምሮ ተፈጻሚ በሆነው የዲጂታል ገበያዎች ሕግ መሠረት አፕል በ27ቱ አባል አገሮች ሌሎች መደብሮችን ለመፍቀድ ተገዷል። በኤፕሪል 2025 ደግሞ አዘጋጆች ከመደብሩ ውጪ ስላለ ርካሽ ዋጋ ለደንበኞቻቸው በነጻነት እንዳያሳውቁ አድርጓል በሚል የ500 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ተጥሎበታል። ኩባንያው በሩ መከፈቱ ተጠቃሚዎችን ለአደጋ ያጋልጣል በማለት የሚከራከር ሲሆን፣ በቅጣቱ ላይም ይግባኝ ብሏል።