ጭነቱ የማን ነው? ከሂርማታ ሲራራ ነጋዴ እስከ ትንሿ ተሳቢ

በጅማ ዙሪያ አንድ ገበሬ ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት ቡና ለቅሞ ሲወጣ፣ ከተሸከመው ውስጥ ባሕር የሚሻገረው አንድ ኪሎ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ልጣጭ፣ ሙጫና ውሃ ነው። ማንም የማይገዛው ይህ አምስት ኪሎ ግን ጉልበት ይጠይቃል፣ መንገድ ይጠይቃል፣ ሰዓትም ይጠይቃል።

የቡናችን ታሪክ ሲወራ ካልዲና ፍየሎቹ ይነሳሉ፣ ነገሥታቱ ይነሳሉ፣ የኒውዮርክ ዋጋ ይነሳል። ስለ ተሸካሚው ግን ብዙም አይነሳም። የጅማንና የቡና ከተሞቿን የመቶ ሃምሳ ዓመት ታሪክ በጭነት በኩል ለተመለከተው አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። ዋጋ የሚቆርጠው ሁልጊዜ ቡናውን ያመረተው ሳይሆን ቡናውን ማንሳትና ማቆየት የቻለው ነው። መጓጓዣና ማከማቻ ሁለት ጉዳይ ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው፤ መጠበቅ የሚችል ይደራደራል፣ መጠበቅ የማይችል የተሰጠውን ይቀበላል።

ዛሬ ማኅበራትና የተደራጁ ወጣቶች "ባለ ሦስት እግር እንግዛ ወይስ ተሳቢ?" ብለው ሲመካከሩ፣ ሳያውቁት የሚመልሱት ይህንኑ የቆየ ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ የበቅሎ ዘመን

ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ሲገዙ ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር። ገበያው ደግሞ ከኮረብታው ግርጌ፣ ሂርማታ ላይ። የሐሙስ ገበያው ከጊቤ ማዶም ሆነ ከከፋ በኩል ሰው ይስባል። ሲራራ ነጋዴው በኬላው በር ገብቶ፣ ቀረጥ ከፍሎ፣ ጭኖ ይወጣል።

ምን ይጭን ነበር? የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ እንዲሁም ሰው። ይህን የመጨረሻውን ዘልሎ የጅማን ገበያ ታላቅነት ማውራት ታሪክን መቁረጥ ነው። የባርያ ንግዱ የዚያው መንገድ፣ የዚያው ገበያ አካል ነበር።

ዝርዝሩ በአጋጣሚ የተሰደረ አይደለም። አንድ ጭነት በቅሎ ከ5 ወይም ከ6 ፈረሱላ ብዙ አትሸከምም። ፈረሱላው 17 ኪሎ ነውና ወደ አንድ ኩንታል ይጠጋል። ዛሬ አንድ መለስተኛ የጭነት መኪና የሚያነሳውን 50 ኩንታል ለማንቀሳቀስ 50 በቅሎ፣ ከነነጂዎቻቸው፣ ከነቀለባቸው ያስፈልግ ነበር። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መሐል ላይ ደግሞ ክረምት ላይ የሚሞላ ጊቤ አለ። እንዲህ ባለ መንገድ የሚያዋጣው ክብደቱ ትንሽ፣ ዋጋው ብዙ የሆነ ነገር ነው። ዝባድ በቀንድ ተሞልቶ ይሄዳል። የተሸጠው ሰውም በገዛ እግሩ እንዲሄድ ይገደዳል። ቡና ግን ከባድና ርካሽ ነው። በየሰፈሩ ውድቀትና በየኬላው ዋጋው በመንገድ ይበላል። ገበሬው እጅ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው።

ምዕራቡ ሌላ በር ነበረው። በ1902 ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ስምምነት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። የጎሬና የአካባቢው ቡና በበቅሎና በሰው ጀርባ ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ጀመር። ነገር ግን መርከቧ የምትመጣው ባሮ ሲሞላ፣ በክረምት ነው። ቡናው ደግሞ የሚለቀመው በመኸር ነው። በመሐከሉ ወራት አሉ። እነዚያን ወራት ቡናውን በደረቅ ጎተራ ማቆየት የቻለው ነጋዴ የወንዙን ሙላት ጠብቆ ይሸጣል። ገበሬው ግን ለግብሩና ለጨው ሲል ቀድሞ ይሸጣል። ጎተራው ከመርከቧ እኩል ዋጋ ነበረው ማለት ነው።

▪️ ጎማ ሲመጣ

የጅቡቲው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የጅማ ቡና ወደ ባሕር የሚወስደውን መንገድ አጠረለት። እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ግን ያው የበቅሎ መንገድ ሆኖ ቆየ። ይህን የለወጠው የጣሊያን ወረራ ነው። ከ1936 እስከ 1941 ጅማ ጣሊያን በደቡብ ምዕራብ ላቋቋመችው አስተዳደር መቀመጫ ሆነች። መንገዱ የተሠራው ለጦርና ለቅኝ ግዛት ነበር፤ ጣሊያን ስትወጣ ግን መንገዱ ቀረ። ቃላቱም አብረው ቀሩ፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ካሶኒ። የጭነት ሰው አፍ እስከ ዛሬ የዚያን ዘመን ፊደል ይዞ ይሄዳል።

ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ በ1950 ከዓለም ባንክ ለአውራ ጎዳና ብድር አገኘች፤ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው ብድሮች የመጀመሪያዎቹ መካከል ነው። በ1951 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1953 ብራዚልን ውርጭ መታና የዓለም የቡና ዋጋ ተተኮሰ። መንገድም ዋጋም በአንድ ጊዜ ለጅማ መጡላት። በ1957 ብሔራዊ የቡና ቦርድ ሲቋቋም ቡና የመንግሥትም ትልቁ የገቢ ጉዳይ ሆኖ ነበር።

ይህ እድገት ግን ያመጣውን አዲስ ክፍፍል ልብ ማለት ያስፈልጋል። መኪናው የሚቆመው መንገዱ በቆመበት ነው። ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው እንደምትገኘው አጋሮ ያሉ የመንገድ ዳር ከተሞች መጋዘን አበቀሉ፣ ነጋዴ አበቀሉ። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ፣ ጎማና ሊሙ ጫካ ድረስ ግን ተሸካሚው ያው በቅሎ፣ ያው አህያ፣ ያው የሴቶች ጀርባ ነበር። ስለዚህ በገበሬውና በከተማው አቅራቢ መካከል ሰብሳቢው ቆመ። ሰብሳቢው ብዙ ጊዜ በጨካኝነቱ ይነሳል። የሥልጣኑ ምንጭ ግን ጠባዩ ሳይሆን እንስሶቹና ጆንያዎቹ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን አምስትና አሥር ኪሎ ሜትሮች የያዘው እሱ ነው።

▪️ ኬላና ጎተራ

ደርግ ነጋዴውን ሲገፋ ቦታውን ለቡና ገበያ ኮርፖሬሽን ሰጠ። ኮታ መጣ። ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የምናውቀው ኬላም በአዲስ ፊት ተመለሰ፤ ያለ ፈቃድ የሚንቀሳቀስ ቡና ተያዥ ሆነ። መንገድና መኪና ቢኖርም የመጫን መብት ከሌለ ዋጋ የሚቆርጠው ኬላውን የያዘው ነው።

የገበሬው መልስ በቤቱ ውስጥ ነበር፤ ጀንፈል። ከነልጣጩ የደረቀ ቡና እርጥበት እስካላገኘው ድረስ ወራት ይቆያል። ለሠርግ፣ ለሕመም፣ ለትምህርት ቤት ወጪ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይወጣል። በጅማ ዙሪያ የጀንፈል ጎተራ የገበሬው ባንክ ነው የሚባለው በከንቱ አይደለም። ተሽከርካሪ ያልነበረው ሰው የነበረው ብቸኛ የመደራደሪያ ኃይል መጠበቅ ነበር።

እሸት ቡና ግን አይጠብቅም። የታጠበ ቡና ለማዘጋጀት ቀይ ፍሬው በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት። ካደረ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች በተስፋፉበት ሁሉ ትንሿ መጓጓዣ የሞት የሽረት ጉዳይ ሆነች። አጋሮ አካባቢ ያለው የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ምሳሌ ነው። በደረቅ ቡና ብቻ ይታወቅ በነበረ አካባቢ፣ በ2010 የተደራጁ ገበሬዎች የራሳቸውን ማጠቢያ ጣቢያ አቁመው በ2012 በአፍሪካ የቡና ውድድር አንደኛ ተባሉ። ዛፉ ያው ዛፍ፣ አፈሩ ያው አፈር ነው። የተለወጠው ፍሬው ከዛፍ እስከ ማሽን የሚቆይበት ሰዓትና የማሽኑ ባለቤት ነው።

▪️ መኪናው መጋዘን ሲሆን

በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ቡና በአዋጅ ቁጥር 602 ወደ እሱ ገባ። ጅማም የገበያው መጋዘን አገኘች። ሐሳቡ በመሠረቱ የማከማቻ ሐሳብ ነበር፤ አቅራቢው ቡናውን አስመርምሮ፣ ደረጃ አሰጥቶ፣ መጋዘን አስገብቶ ደረሰኝ ይይዛል፣ ከዚያ ይሸጣል። በአዋጅ ቁጥር 1051 በ2017 አሠራሩ ሲለወጥ ደግሞ ቡናው ከመኪና ሳይራገፍ የሚሸጥበት መንገድ መጣ። ቡናው ከሌላ ቡና ሳይቀላቀል ከየት እንደመጣ እንዲታወቅ ይረዳል፤ ይህ ትክክለኛ ጥቅም ነው።

ነገር ግን መኪና መጋዘን ሲሆን ሒሳቡ ይለወጣል። መጋዘን ቆሞ አያስከስርም። የቆመ መኪና ግን የቀን ኪራይ ይቆጥራል፣ ሾፌር ይበላል፣ ሸራው ሥር ቡናው ያልባል። ጎማ ላይ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ትዕግሥቱ አጭር ነው፤ ገዢውም ይህን ያውቃል።

▪️ እንግዲህ ምን ይገዛ?

ይህ ሁሉ ታሪክ ወደ አንድ ትንሽ ግዢ ይወርዳል። አንድ ማኅበር ገንዘብ አዋጥቶ ወይም ተበድሮ አነስተኛ ተሳቢ ሊገዛ ሲያስብ የቀለሙንና የካሶኒውን ስፋት ከማየቱ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የሚጭነው እሸት ነው ጀንፈል? ጀንፈል ቦታ ይይዛል እንጂ ያን ያህል አይከብድም። እሸት ካሶኒው ሳይሞላ ይከብዳል። በጀንፈል ልክ ተመርጦ እሸት የተሞላ ተሳቢ አክሰሉን ይሰብራል። ስለዚህ መለኪያው የሚይዘው ጆንያ ብዛት ሳይሆን የሚችለው ኪሎ ነው።

ሁለተኛ፣ መንገዱ ምን ይመስላል? የጅማ ቀይ አፈር ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ዳገት ላይ ይጎተታል፣ ቁልቁለት ላይ ግን ጎታቹን ይገፋል። ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ላይ ክብደቱ ከጎማው ጥቂት ወደ ፊት ማረፍ አለበት፤ ወደ ኋላ ካዘነበለ የጎታቹን ጀርባ ያነሳና ጅራቱ ይወዛወዛል። ይህን ጋሪ ነጂዎች ያለ ምንም መጽሐፍ ያውቁታል። ፈረሱ አንገቱ ሲጨነቅ ወይም ወደ ላይ ሲነሳ ጭነቱን ያስተካክላሉ። ሞተር ግን አይናገርም፤ የሚናገረው ሲገለበጥ ነው።

ሦስተኛ፣ ከመኸር ውጪ ምን ይሠራል? ልቀማው ጥቂት ወራት ነው። በቀሪው ጊዜ በቆሎ፣ ማዳበሪያ፣ ድንጋይ ካልጫነ ብድሩን ቡናው ብቻ አይከፍለውም። ግን ማዳበሪያና ናፍታ የጫነ ካሶኒ ሳይታጠብ ቡና ከነካ ሽታው ይገባል። ቡና ሽታ አይረሳም።

አራተኛውና ዋናው፣ ተሳቢው መጋዘንም ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነው ወይ? ዝግ ሳጥን ያለው ተሳቢ አንድ ወጪ ሁለት ጥቅም ይመስላል፤ ይጭናል፣ ያከማቻል። ለዕቃ ይሆናል። ለቡና ግን አይሆንም። በቀን ፀሐይ የሚግል፣ በሌሊት የሚቀዘቅዝ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጡ ጤዛ ይሠራል። በደንብ የደረቀ ቡና ከ11 እስከ 12 በመቶ ያህል እርጥበት ነው ያለው። ከዚያ ሲያልፍ ሻጋታ ይጀምራል፣ የወራት ድካምም በቀናት ደረጃው ይወርዳል። ቡና የሚጠበቀው ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝ፣ ጣሪያው በማያፈስ ቤት ውስጥ ነው። ቆሞ ቡና የሚጠብቅ ተሳቢ ደግሞ የሌላውን ሰው እሸት በሰዓቱ አያደርስም። ሁለቱን ሥራ በአንድ ጊዜ የተሰጠው ሁለቱንም ያበላሻል።

"ድሃ ማኅበር ሁለቱንም ከየት ያመጣል?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ታሪኩ ቅደም ተከተሉን ያሳያል። የባሮ ዳር ነጋዴ መርከብ አልነበረውም፤ ጎተራ ነበረው። የደርግ ዘመን ገበሬ መኪና አልነበረውም፤ ጀንፈል ነበረው። ዱሮሚናም የጀመረው በትልቅ መኪና ሳይሆን በቅርብ ባለ ማሽን ነው። ማድረቂያ አልጋና ደረቅ ጎተራ ያለው ማኅበር ትንሽ ተሳቢ ሲጨምር ዋጋ ይጠይቃል። ጎተራ የሌለው ማኅበር ትልቅ ተሳቢ ሲገዛ ግን የሚያገኘው በዝቅተኛ ዋጋ በፍጥነት የመሸጥ ችሎታ ነው፣ ከነብድሩ።

ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች የምትበቃ፣ ፍሬን ያላት፣ ጎኗ ነፋስ የሚያሳልፍ፣ መለዋወጫዋ አጋሮ ወይም ጅማ የሚገኝ ትንሿ ተሳቢ ትበቃለች። የተረፈው ብር ወደ ጣሪያና ወደ ርብራብ ይሂድ። ሰብሳቢውን የሚያሸንፈው ከሱ የሚበልጥ መኪና መግዛት ሳይሆን "ዛሬ አልሸጥም" ማለት መቻል ነው።